የአውራ ጣት ትረካ

እስቲ ጫማችሁን አውልቁ። ካልሲውንም። እግራችሁን ዘርጉና አውራ ጣታችሁን እዩልኝ። ከአራቱ ታናናሾቹ ጎን ተሰልፎ ወደፊት የሚያይ ወፍራም ጣት ነው፤ አይደለም እንዴ? አሁን ደግሞ የእጃችሁን አውራ ጣት እዩ። እሱ ከሌሎቹ ተገንጥሎ ወደ ጎን ወጥቷል፤ እንጀራ ይቆርሳል፣ ሲኒ ያነሳል፣ መርፌ ይይዛል። የእግሩ ግን ጨብጥ ቢሉት አይሆንለትም። በጣም የቀለጠፈ ሰው ወለል ላይ የወደቀ ጨርቅ በእግሩ ያነሳ ይሆናል፣ እሱንም በስንት መከራ።

ይህን ጦጣ ብትሰማ ትስቅብን ነበር። ጉሬዛም፣ ቺምፓንዚም፣ ማዳጋስካር ደን ውስጥ የሚዘለው ሊመርም እንዲሁ። ሳይንቲስቶች «ፕራይሜት» በሚሉት በዚህ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ዛሬ ከ500 በላይ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ሁሉ የእግሩን አውራ ጣት ከሌሎቹ ጋር አሰልፎ ለመሄጃ ብቻ ያዋለው ሰው ነው። የቀሩት አራት እጅ አላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዛሬው ወጌ ይህ ጣት ከቅርንጫፍ ወርዶ ሰልፍ እስኪገባ ድረስ ያየውን ነው። ረጅም ስለሆነ ቡና የሚያፈላ ካለ አሁኑኑ ይጣድ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ራሳችን ዘመን እመለሳለሁ፣ ምክንያቱን እዚያው ታገኙታላችሁ።

ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አንድ ግዙፍ የሰማይ ድንጋይ ዛሬ ሜክሲኮ በምትባለው አገር ዳርቻ ወደቀና የዳይኖሰሮችን ዘመን ዘጋው። ዓለም ከዚያ መዓት ስታገግም ደኑ እንደገና አቆጠቆጠ፤ አበባና ፍሬ የሚሰጡ ዛፎች በዙ። ያኔ አይጥ የሚያካክሉ ትናንሽ አጥቢዎች ዛፍ ላይ ወጡ። አሜሪካ ሞንታና ውስጥ የተገኘው ፑርጋቶሪየስ ከእነዚህ አንዱ ነው። የምናውቀው በአብዛኛው በጥርሱ ነው፤ ከእግሩም ጥቂት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ተርፈዋል። ትንሽ ናቸው፣ ግን ይናገራሉ፤ ቁርጭምጭሚቱ እንደልብ የሚዞር፣ ግንድ ለግንድ ለመውጣት የተመቸ ነበር።

አሥር ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዝለል። ቦታው ዋዮሚንግ፣ ዘመኑ ከዛሬ 56 ሚሊዮን ዓመት በፊት። ካርፖሌስተስ የተባለ ትንሽ እንስሳ አጽም በ2002 በዝርዝር ታትሞ ሲወጣ ምሁራኑን ያስደነቃቸው እግሩ ነበር። የእግሩ አውራ ጣት ከሌሎቹ በተቃራኒ ቆሟል፤ ጫፉ ላይም ሹል ጥፍር ሳይሆን እንደ እኛው ጠፍጣፋ ጥፍር አለው። እስካሁን ከሚታወቁት ጨባጭ እግሮች ሁሉ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ይህ ነው። ምን ሊጨብጥ? ነገሩ ወዲህ ነው። ግንድ ላይ ለመቧጠጥ ሹል ጥፍር ይበቃል። አበባውና ፍሬው ያለው ግን ከግንዱ ላይ ሳይሆን ከቅርንጫፉ ጫፍ፣ እርሳስ በምታክለዋ ቀጭን እንጨት ላይ ነው። እዚያ ደርሶ ሳይወድቅ ለመብላት በእግር ጨብጦ እጅን ነጻ ማውጣት ያስፈልጋል። የቤተሰባችን የመጀመሪያ ሀብት እንግዲህ ጨባጭ እግር ነው።

በመሃል ብዙ ወሬ ያስነሳ አጽም እንዳለ አልደብቃችሁም። በጀርመን ሜሴል የተገኘችውና በ2009 በታላቅ ድግስ ለዓለም የቀረበችው «አይዳ»፣ ዕድሜዋ 47 ሚሊዮን ዓመት፣ ውበቷ እንከን የማይወጣለት። ፊልም ተሠራላት፣ መጽሐፍ ታተመላት፣ የሁላችን ቅድመ አያት ተባለች። ድግሱ ሲያልቅ አብዛኞቹ ምሁራን ከእኛ ይልቅ ወደ ሊመር ወገን አስጠግተው አስቀመጧት። ቆንጆ አጽም መሆንና የሰው አያት መሆን ለየቅል ነው።

አፍሪካ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከካይሮ በስተደቡብ ምዕራብ ፋዩም የሚባል በረሃ አለ። ዛሬ አሸዋ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን ረግረግና ጥቅጥቅ ደን ነበር። ኤልዊን ሳይመንስ የተባለ አሜሪካዊ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት እዚያ ቆፍሮ ኤጂፕቶፒቴከስን አወጣ። ክብደቱ ከስድስት ሰባት ኪሎ የማያልፍ፣ በአራት እግሩ ቅርንጫፍ ላይ የሚሄድ፣ አንጎሉ የሚያሳዝን ያህል ትንሽ ፍጥረት። ግን በአንድ በኩል ለእነ ጦጣና ዝንጀሮ፣ በሌላ በኩል ለእነ ጎሪላና ለእኛ የጋራ ግንድ ቅርብ ሆኖ ይቆጠራል። በዚያው ዘመን አካባቢ ሌሎች የአፍሪካ ጦጣዎች፣ ምናልባት ጎርፍ ገንድሶ ባሕር ላይ የጣለው ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ እንደተንጠለጠሉ፣ አትላንቲክን ተሻግረው ደቡብ አሜሪካ ገብተዋል። አላምንም የሚል ይኖራል፤ እኔም ስሰማው ግራ ገብቶኝ ነበር። ነገር ግን የአማዞን ጦጣዎች እዚያው አሉ፣ የአባቶቻቸው ጥርስ ደግሞ ፔሩ ውስጥ ተገኝቷል።

ግንዱ ሁለት የሆነበት ጊዜ ቢያንስ 25 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። በ2013 ታንዛኒያ ሩክዋ ከሚባል ስፍራ ሁለት ስባሪ መንጋጋዎች ተገኝተዋል ተባለ፤ አንዱ የጦጣና የዝንጀሮ ወገን፣ ሌላው ጅራት የለሹ ወገን፣ ማለትም ጎሪላን፣ ቺምፓንዚንና እኛን የሚያካትተው። ዕድሜያቸው ያው 25 ሚሊዮን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ሻይ ቤት ውስጥ ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር አንዱ ብድግ ይልና «ሳይንስ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላል» ብሎ ሲከራከር እሰማለሁ። ሳይንስ እንዲህ አላለም። ዝንጀሮ አያታችን አይደለም፤ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሌላ መንገድ የሄደ የሩቅ ዘመድ ነው። በራሱ መንገድ ረጅም ተጉዟል፣ ዛሬም እየተጓዘ ነው። አያቱን ማስከበር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ አያቱ ማን እንደሆነ ይወቅ።

ስለ ዘመዶች ካነሳሁ አይቀር ጭላዳን ልጥራ። መንዝ ጓሳ ወይም ሰሜን ተራራ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ የሚበላ፣ ሲመሽ ገደል አፋፍ ላይ ወርዶ የሚያድር። ዛሬ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ድሮ ግን የእሱ ወገን መላው አፍሪካን ሞልቶ እስከ ስፔንና እስከ ሕንድ ደርሷል። ሀዳር ላይ፣ ወደ ኋላ በምነግራችሁ ስፍራ፣ የዚህ ወገን አጥንት በብዛት ይወጣል። ጭላዳን ያመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረን ታሪክ፣ ደኑ ሲሳሳና ሜዳው ሲሰፋ የእኛ አባቶች መሬት ወረዱ፣ መሬት ስለወረዱም ቆሙ የሚል ነው። ጭላዳ ከዛፍ ወርዶ ስንት ዘመኑ! እጁን ሣር ለመንጨት ነጻ አውጥቷል፣ ሜዳ ላይ ይውላል፣ ጠላት ሲመጣ ማየት ያስፈልገዋል። ግን አልቆመም። ቁጭ ብሎ ነው የሚንፏቀቀው። መሬት መውረድ ብቻውን አያቆምም።

አሁን ወደ እኛው ወገን ልመለስ። ከ13 ሚሊዮን እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ዘመን በአፍሪካ ቅሪተ አካል የነጠፈበት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ የወጣው ከአፋር ደቡባዊ ጫፍ፣ ከጮሮራ ነው። በ2007 ጃፓናዊው ገን ሱዋ፣ ብርሃነ አስፋው፣ ዮናስ በየነና ጓደኞቻቸው ዘጠኝ ጥርሶችን ይዘው ቀረቡ። ጥርሶቹ የጎሪላን ይመስላሉ፤ ዕድሜያቸው በኋላ ተስተካክሎ 8 ሚሊዮን ዓመት ተብሏል። ቻድ ውስጥ በ2001 የተገኘው ቱማይ ደግሞ 7 ሚሊዮን ገደማ ነው። እነዚህን በሩጫ የማልፋቸው እግር ስለሌላቸው ነው፤ የእኔ ወግ የእግር ነው። የቱማይ ጭን አጥንት ላይ ምሁራን እስከ ዛሬ ይጣላሉ፣ ይጣሉ።

ከአፋር መካከለኛ አዋሽ በ2001 ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ያሳተመው አርዲፒቴከስ ካዳባ ግን አንድ ነገር ይዞልናል። አንዲት የእግር ጣት አጥንት፣ ዕድሜዋ 5.2 ሚሊዮን ዓመት። ከኋላዋ ያለው መጋጠሚያ ወደ ላይ ያዘነበለ ነው፤ እንዲህ የሚሆነው እግር መሬትን ገፍቶ ሲነሳ ጣቱ ወደ ኋላ ለሚታጠፍ ፍጡር ነው። በአንዲት ጣት ሙሉ ሰው አይሠራም፣ እሺ። ግን ቆሞ መሄድ የቀደመ ነገር ይሆን እንዴ የሚለውን ጥርጣሬ ጫረች።

እግር ቀደመ የሚለው ሐሳብ ድሮ የገጠመው ከባድ እምነት ነበር። የአውሮፓ ምሁራን ለረጅም ጊዜ ሰው ሰው የሆነው በጭንቅላቱ ነው፣ አንጎሉ አድጎ ነው ቀሪው የተከተለው ይሉ ነበር። በ1912 እንግሊዝ አገር ፒልትዳውን ላይ ትልቅ የራስ ቅልና የጅራት የለሹን ወገን የሚመስል መንጋጋ አብረው «ተገኙ» ተባለ። የፈለጉት ይህን ነበርና እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። በ1953 ሲመረመር የሰው ራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ሆኖ ተገኘ፤ ጥርሱ በሞረድ ተሞርዶ፣ አጥንቱ ቀለም ተነክሮ። በመሃሉ ሬይመንድ ዳርት በ1925 ደቡብ አፍሪካ የተገኘውን የታውንግ ሕፃን አቀረበ፤ አንጎሉ ትንሽ፣ ራሱ ግን ቀጥ ባለ አንገት ላይ የተቀመጠ። አብዛኞቹ ፊታቸውን አዞሩበት። የራሳቸው ቤት ውስጥ የተሠራውን ውሸት ይዘው ከአፍሪካ የመጣውን እውነት መለሱ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን አራሚስ ደረስን። እዚህ እንቀመጥ።

አራሚስ በመካከለኛው አዋሽ፣ በአፋር በረሃ ውስጥ ያለ ደረቅ ስፍራ ነው። በታኅሣሥ 1992 ገን ሱዋ መሬት መሬት እያየ ሲሄድ ከድንጋዩ መሃል አንድ የመንጋጋ ጥርስ ብልጭ አለችበት። በ1994 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ፤ አርዲፒቴከስ ራሚደስ የሚለው ስሙ ከአፋርኛ የተወሰደ ነው፣ አርዲ መሬት፣ ረሚድ ሥር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ያኔ ገና ወጣት የነበረው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ሁለት ስባሪ የእጅ አጥንት አነሳ። ሰዎቹ ከዚያ በኋላ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ በጉልበታቸው እየዳሁ፣ አፈሩን በጣታቸው እያበጠሩ ቀጠሉ። አጥንት በአጥንት ላይ ይወጣ ጀመር፤ የእጅ፣ የእግር፣ የዳሌ፣ የራስ ቅል። የአንዲት ሴት አጽም ነበር፤ አርዲ የምንላት እሷን ነው።

ችግሩ አጥንቱ ነበር። ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ የተኛው አጥንት ሲነኩት እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። የራስ ቅሉና ዳሌው ከሞተች በኋላ ተረጋግጠው ተጨፍልቀዋል። በብሩሽ መጥረግ አልተቻለም። ማጠንከሪያ ፈሳሽ እያፈሰሱ፣ ከነአፈሩ እየቆረጡ፣ በጄሶ ጠቅልለው አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም አመጡት። እዚያ በአጉሊ መነጽር ስር፣ በመርፌ ጫፍ፣ ቅንጣት አፈር እየለቀሙ አጸዱት። የራስ ቅሉን ስባሪዎች ቶኪዮ ውስጥ በራጅ አንስተው ኮምፒውተር ላይ ገጣጠሟቸው። 15 ዓመት ፈጀ። ሌሎች ምሁራን በትዕግሥት ማጣት ሲያጉረመርሙ ኖሩ፤ እኔ ግን ያንን አጥንት ለቸኮለ ሰው አልሰጥም ነበር። በጥቅምት 2009 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ 11 ጽሑፎች በአንድ ቀን ወጡ፣ ጸሐፊዎቹ 47።

ዕድሜዋን እንዴት አወቁ የሚል አለ። አጽሟ የነበረበት አፈር በሁለት የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች መሃል ነው። የታችኛው በአፋርኛ ግመል ማለት በሆነው ጋዓላ በሚለው ስም ይጠራል። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ ከእሱ ጥቂቱ ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈነዳ የቀድሞው አርጎን በኖ ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የተጠራቀመውን ጋዝ መለካት ነው። የላዩም የታቹም 4.4 ሚሊዮን አካባቢ ስላሉ፣ መሃላቸው የተኛችው አርዲ ሌላ ዕድሜ ሊኖራት አይችልም።

አርዲ ምን ትመስል ነበር? ቁመቷ 1 ሜትር ከ20፣ ክብደቷ 50 ኪሎ ገደማ። አንጎሏ የእኛ ሩብ ገደማ። ዳሌዋ ሁለት ፊት ነው፤ የላይኛው ክፍል አጭርና ሰፊ፣ ቆሞ ለሚሄድ የተመቸ፣ የታችኛው ደግሞ ዛፍ ለሚወጣ። እጇ ላይ ቺምፓንዚና ጎሪላ በጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ተደግፈው ሲሄዱ የሚታየው ምልክት የለም። ወደ እግሯ እንውረድ። አውራ ጣቷ ወደ ጎን ተገንጥሎ ቆሟል፤ ሙሉ በሙሉ ጨባጭ ነው። ማለትም ቆማ የምትሄደው ይህቺ ሴት መሬትን የምትገፋው በአውራ ጣቷ ሳይሆን በሌሎቹ አራት ነበር። ውስጥ እግሯ ጠርዝ ላይ፣ ጅማት ውስጥ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ አጥንት አለች። ጦጣዎች አሏቸው፤ ቺምፓንዚና ጎሪላ ግን የላቸውም። እነሱ እግራቸው ለመጨበጥ እንዲለሰልስ ጥለዋታል። አርዲ ይዛታለች፣ ስለዚህ እግሯ ለመግፋት የሚበቃ ድርቅና ነበረው።

የምትኖረውም ባዶ ሜዳ ላይ አልነበረም። ከአራሚስ የተሰበሰበው የእንስሳና የዕፅዋት ቅሪት ከ150 ሺህ በላይ ነው። ጉሬዛ በሽ በሽ፣ አጋዘን፣ በቀቀን፣ የሾላ ወገን ዛፍ፣ ዘንባባ። ደን ለበስ አካባቢ ነው። ሁለት እግር የመጣው ደኑ ጠፍቶ ሣሩ ሲተካ ነው የሚለው የትምህርት ቤት ትረካ እዚህ ላይ ክፉኛ ተመታ። ሰፊ ደን ሳይሆን የተበታተነ ዛፍ ነበር የሚሉ ተቃዋሚዎችም አሉ፤ ሙግቱ አልበረደም። ለምን ቆመች ለሚለው ኦወን ላቭጆይ የተባለ ምሁር፣ ወንዶቹ ለእናትና ልጅ ምግብ ተሸክመው ለማምጣት ነው ብሏል፤ የወንዶቹ ክራንቻ ጥርስ ማጠሩን እንደ ሰላም ምልክት ቆጥሮ። ጥሩ ተረት ነው። ከአጥንት ላይ ይህን ያህል ማንበብ ግን ለእኔ ይከብደኛል።

አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተሻግረን፣ እዚያው አፋር ውስጥ ሀዳር እንግባ። ወደ ራሳችን ዘመን እመለሳለሁ ያልኳችሁ እዚህ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስድሳዎቹን የቀድሞ ባለሥልጣናት ረሸነ። በማግስቱ እሑድ፣ ኅዳር 15፣ አዲስ አበባ ደርቃ በቀረችበት ቀን፣ ሀዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የተባሉ ተመራማሪዎች አንዲት የክንድ አጥንት አዩ። ከዚያ በፊት ጥቅምት ላይ የቅርስ ባለሥልጣን ተወካይ ሆኖ አብሯቸው የነበረው ዓለማየሁ አስፋው መንጋጋዎች አግኝቶ መንገዱን ከፍቶላቸዋል፤ ስሙ ግን በካምፑ በቴፕ ሲጫወት ከነበረው የቢትልስ ዘፈን ስም ያነሰ ነው የሚታወቀው። የአጥንቷ ባለቤት ስሟን ከዘፈኑ ወስዳ ሉሲ ሆነች፤ ለእኛ ድንቅነሽ። 3.18 ሚሊዮን ዓመት፣ የአጽሟ 40 በመቶ ገደማ፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር። ጉልበቷና ዳሌዋ የቆመ ሰው ነው። እግሯ ግን፣ የእኔ ወግ እድል ሲያጣ፣ ከአንድ ቁርጭምጭሚትና ከጥቂት የጣት አጥንት በቀር አልተገኘም።

የጎደለውን የሞላው ታንዛኒያ ነው፣ ያውም በፋንድያ ምክንያት። በ1976 ላኤቶሊ ላይ፣ እዚያ ትቆፍር የነበረችው የሜሪ ሊኪ እንግዶች የሆኑ ሳይንቲስቶች ሥራ ፈተው በደረቀ የዝሆን ፋንድያ ሲወራወሩ፣ አንድሩ ሂል የተባለው ሊያመልጥ ሲል ወደቀ። ፊቱ መሬት ሲነካ ዓይኑ ፊት የእንስሳ ዱካና የዝናብ ጠብታ ምልክት ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። በ1978 ከዚያው አካባቢ የሰው የሚመስል ዱካ ወጣ፤ 27 ሜትር ያህል የተዘረጋ፣ 3.66 ሚሊዮን ዓመት የሆነው። የእሳተ ገሞራ አመድ ወርዶ፣ ዝናብ ነክቶት፣ እነሱ ረግጠውት፣ ደርቆ ጠነከረ፣ ሌላ አመድም ሸፈነው። ተረከዙ ጠልቋል። አውራ ጣቱም ከሌሎቹ ጋር ወደፊት ተሰልፏል። በ2011 ደግሞ ከሀዳር አንዲት የውስጥ እግር አጥንት ስትጠና የድንቅነሽ ወገኖች እግር ቅስት እንደነበረው አሳየች።

እንግዲህ ከአርዲ እስከ ላኤቶሊ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ባነሰ ጊዜ ጣቱ ሰልፍ ገባ። ግን ሙሉ በሙሉ ነው ወይ? ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን፣ ሰላም፣ ሌላ ትላለች። 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ ስትሞት ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ የነበረች ልጅ ነች። አጥንቷ በደረቀ አሸዋ ድንጋይ ተጠርንፎ ስለነበር ዘረሰናይ ቅንጣት በቅንጣት እየፈለፈለ ዓመታት ቆጥሯል። በ2018 እግሯ ሲጠና፣ እንደ ድንቅነሽ ወገኖች ቆማ ትሄድ ነበር፣ ግን ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው መጋጠሚያ ከእኛ ልጆች ይበልጥ ይንቀሳቀስ ነበር። እናቷን ሙጭጭ ለማለት፣ አደጋ ሲመጣ ዛፍ ለመውጣት የሚያስችል ትርፍ ነው። ልጅ ላይ የቀረ የዛፍ ትዝታ፣ ካደጉ በኋላ የሚጠፋ።

ከሁሉም የሚያስደስተኝ ግን ቡርቴሌ ነው። ከሀዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ወራንሶ ሚሌ ውስጥ፣ የዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ቡድን በ2009 ስምንት የእግር አጥንቶች አገኘ። በ2012 ሲታተሙ ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ተባለ፤ የድንቅነሽ ዝርያ እዚያው አፋር በሚኖርበት ዘመን መሆኑ ነው። አውራ ጣቱ ግን ወደ ጎን የወጣ፣ እንደ አርዲ ጨባጭ ነው። ይህ የማን እግር ነው? በዚያው አካባቢ የተገኙ መንጋጋዎች በ2015 አውስትራሎፒቴከስ ደይረመዳ ተብለው ተሰይመው ነበር፤ እግሩን ከእነሱ ጋር ለማገናኘት ግን ማስረጃ አልነበረም። ተጨማሪ ጥርሶች ተገኝተው በ2025 ሲታተሙ ቡድኑ እግሩ የደይረመዳ ነው አለ። የጥርሶቹ ኬሚስትሪም ምግባቸው በአብዛኛው ከዛፍና ከቁጥቋጦ እንደነበር አሳየ፤ የድንቅነሽ ወገኖች ግን ከዛፉም ከሣሩም ይቀላቅሉ ነበር። ጎረቤታሞች ናቸው፣ በአንድ ውሃ የሚጠጡ፤ አንዱ እግሩን ለጉዞ ሰጥቷል፣ ሌላው ዛፉን አልለቀቀም። የሰውን ታሪክ አንዱ ሲወርድ ሌላው የሚወጣበት መሰላል አድርጎ የሚስል ሥዕል ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ካያችሁ አውርዱት።

ከዚህ ወዲያ ያለውን እጆች ይወስዱታል። ቻላቸው ሥዩም በ2013 ሌዲ ገራሩ ላይ ያነሳት የ2.8 ሚሊዮን ዓመት መንጋጋ፣ የእኛ ወገን ሆሞ ከሚባለው ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዷ ነች። ስለሺ ሰማው ጎና ላይ ያገኛቸው የተጠረቡ ድንጋዮች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ናቸው። እነዚያ የሌላ ቀን ወግ ይሁኑልኝ፤ እኔ እግሩን ልከተል።

ኦሞ ወንዝ በሚገባበት ቱርካና ሐይቅ ዳር፣ ኬንያ ድንበር ውስጥ፣ በ2021 የተገለጠ አንድ ጭቃ ነበረ። 1.5 ሚሊዮን ዓመት የሆነው። በላዩ ላይ በሰዓታት ወይም ቢበዛ በጥቂት ቀናት ልዩነት የተረገጡ የሁለት ዓይነት ፍጡር ዱካዎች አሉ። አንዱ አሥራ ሁለት ያህል እርምጃ ተከታትሎ ሄዷል፤ ተመራማሪዎቹ ፓራንትሮፐስ ቦይሴይ ነው ይላሉ፤ ግዙፍ መንጋጋ የነበረው ወገን። የእሱ አውራ ጣት ከእኛ ይልቅ ወደ ጎን የሚከፈት ነበር። ሌሎቹ፣ ለየብቻ የወደቁ ሦስት ዱካዎች፣ የሆሞ ኤሬክተስ ናቸው፤ የእነዚህ አካሄድ ከእኛ አካሄድ ጋር ይገጥማል። በዚያ ጊዜ የኤሬክተስ ወገኖች ከአፍሪካ ወጥተው ካውካስ ተራሮች ሥር፣ ጆርጂያ ውስጥ ድማኒሲ ከደረሱ ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። በእግራቸው።